ቲዩቡ መጨረሻ ይመረጥ

ዲጂታል ሙዚቃን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው መሣሪያ በተለምዶ «ዳክ» ይባላል። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ቫኪዩም ቲዩብ ሲገባበት ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ቲዩብ ይሻላል?» ብሎ ነው። ቴሌፉንከን ወይስ ሙላርድ? ከስልሳ ዓመት በፊት የተሠራው ወይስ ዛሬ ከስሎቫኪያ፣ ከሩሲያና ከቻይና የሚመጣው? ጥያቄው ክፋት የለውም፤ የመጣው ግን ያለ ተራው ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ ዳክ ውስጥ የገባ ቲዩብ የጠፋ ድምፅ አይመልስም፤ የራሱን ቀለም ይጨምራል እንጂ። ቀለም ደግሞ የሚመረጠው ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ለሚያዳምጥ ሰው «ሌላው ሁሉ» የሚባለው ቀላል አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለው፤ መብራቱ 220 ቮልት ይባላል እንጂ ሁልጊዜ 220 አይደለም፤ ክፍሉም ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ከሠራቸው፣ ግድግዳቸው ጠጣር ጣሪያቸው ከፍ ያለ ቤቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ቲዩብ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ስለ ምርጫው ማውራት ነገርን ማዞር ነው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለት አካል ያለውን ቲዩብ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ሦስተኛ አካል ጨመረበት፣ ግሪድ የሚባለውን ፍርግርግ ሽቦ። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ብርጭቆ ውስጥ ማሞቂያው ሽቦ ካቶዱን ያግለዋል፤ ከጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ፤ ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ የተሰጠው አኖድ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ግሪዱ በሁለቱ መካከል እንደ መስኖ ቦይ መዝጊያ ነው፤ ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ሲደርሰው ትልቁን ፍሰት ያሰፋዋል ወይም ያጠበዋል። የማጉላቱ ምስጢር ይኸው ነው። አሁን ወደ ዳኩ እንምጣ። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ የድምፁ ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ተጽፎ ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ሙዚቃ በዚሁ ልክ ይቀመጣል። እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ ሞገዱን የሚሠራው ቺፑ ነው። ቲዩቡ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሥራው ቺፑ ያወጣውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ወደ 2 ቮልት ገደማ ማድረስ፣ ወይም ሳያጎላ ለአምፕሊፋየሩ ማቀበል ብቻ ነው። ስለ ቁጥሮቹ የሚያውቀው ነገር የለም። ፋይሉ ውስጥ ያልነበረ ዝርዝር ቲዩቡ ዘንድ ሲደርስም የለም።

በመለኪያ ብቻ ከፈረድን ነገሩ ለቲዩብ ወዳጆች ደስ አይልም። የዛሬ ጥሩ ቺፕ የሚያስከትለው መዛባት ከ0.001 በመቶ በታች ነው፤ ከጎኑ የሚቆመው የቲዩብ ደረጃ ከዚህ አሥርና መቶ እጥፍ ቢያዛባ የተለመደ ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይወደዋል? እዚህ ላይ «ጆሮው ተሳስቶ ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ የመዛባቱ ዓይነት መታየት አለበት። ቲዩብ በብዛት የሚጨምረው ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ነው፤ ማለትም 440 ሄርዝ ሲገባበት ጥቂት 880 አብሮ ያወጣል። 880 ደግሞ ከ440 አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ያው ድምፅ ነው። ከቅኝቱ አይወጣም፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ ቢሆን አንድ ድምፅ ኦክታቩን ይዞ ሲመጣ ዜማው አይበላሽም። አድማጩ የሚሰማው ወፈር ያለ፣ ሞላ ያለ ድምፅ ነው። «ሞቅ ይላል» የሚሉት ከዚህ ነው የመጣው፤ የተሳሳተ ስሜት አይደለም።

ይህ የሚሠራው ግን ድምፁ አንድ እስከሆነ ድረስ ነው። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። ማሲንቆ ደግሞ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ያላት መሣሪያ ናት፤ በአንድ ጊዜ የምታወጣው አንድ ዜማ ነው፣ የዘፋኙም ድምፅ ያንኑ ዜማ ይከተላል። ማሲንቆና አንድ ድምፅ ብቻ ያለበት ቅጂ በቲዩብ ሲያልፍ የሚያምረው ለዚህ ነው። ሁለት የተለያዩ ድምፆች አብረው ሲገቡ ግን ቲዩቡ የእያንዳንዳቸውን ኦክታቭ ብቻ አያወጣም፤ የሁለቱን ድምርና ልዩነትም ያወጣል። 440 እና 660 ሄርዝ አብረው ይግቡ እንበል፤ በሙዚቃ ቋንቋ መነሻውና አምስተኛው ድምፅ ናቸው። ልዩነታቸው 220 ነው፤ እሱ የመነሻው የታችኛ ኦክታቭ ስለሆነ አያስቸግርም። ድምራቸው ግን 1,100 ነው፤ ይህ የመነሻው ትልቁ ሦስተኛ ድምፅ ነው። ግማሽ ትዝታ ወይም ትዝታ ማይነር በሚባለው ቅኝት ውስጥ ትልቁ ሦስተኛ ቦታ የለውም፤ እዚያ ያለው ትንሹ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ቲዩቡ ማንም ያልተጫወተውን፣ ቅኝቱም የማያውቀውን ድምፅ ጨመረ ማለት ነው። ሁለቱ ድምፆች እኩል ኃይል ካላቸው ደግሞ ይህ ባዕድ ድምፅ አንዱ ድምፅ ብቻውን ከሚወልደው ኦክታቭ እጥፍ ይሆናል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ በጥሩ መሣሪያ ላይ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፦ የሙዚቃ መሣሪያው በበዛ ቁጥር የቲዩቡ ቀለም ከውፍረት ወደ ድብስብስነት ይሄዳል።

በዚህ ምክንያት ቲዩብ የሚፈተንበትን ሙዚቃ መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሻጮች ለማሳመኛ የሚያሰሙት ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት በጊታር ስትዘፍን ነው፤ ተንኮል ባይሆንም ለቲዩብ የሚያደላ ምርጫ ነው። ለጎንደር ሰው ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አለ። የአቋቋም ትምህርት ምስክር የሆነችው የበአታ ቤተ ክርስቲያን ያለችው ጎንደር ውስጥ ነው። ወረብ የተቀዳበት ንጹሕ ፋይል ካለ በውስጡ ሦስት ፈተና ይገኛል፦ ከበሮው በድንገት ሲመታ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ብዙ ሊቃውንት አንድ ዜማ በአንድነት ሲያዜሙ። የጸናጽል ድምፅ በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ የተከማቹ እርስ በርስ የማይዛመዱ ብዙ ድምፆች ስብስብ ስለሆነ ድምርና ልዩነት ማውጣት የሚወድ መሣሪያ ወዲያው ይጋለጥበታል፤ የብረቱ ጥራት ጠፍቶ ወደ ሹክታ ይጠጋል። በገና በተቃራኒው መጥፎ ፈታኝ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዝራ፣ ቁራጭ ቆዳ፣ አውታሩን እያስነዘረ በራሱ በሃርሞኒክ የተሞላ ድምፅ ያወጣል። የበገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ ስብስብ 11ኛ ቅጽ ላይ የተጫወቱትን በቲዩብም ሆነ ያለ ቲዩብ ብናዳምጥ፣ ቲዩቡ የሚጨምረው ጥቂት ቀለም በእንዝራው ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በበገና ቅጂ ቲዩብ አማርጦ «ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» የሚል ሰው ሌላ ነገር እየሰማ ነው።

«የድሮ ዘፈን በቲዩብ ዘመን የተቀዳ ስለሆነ በቲዩብ መሰማት አለበት» የሚል ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሲመረምሩት ግን ውሃ አያነሳም። ከኢትዮጵያ ቀደምት የሸክላ ቅጂዎች አንዱ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሄዶ የቀዳው ነው። ያን ጊዜ ድምፅ የሚቀዳው በመለከት መሰል ቀንድ እየተሰበሰበ በቀጥታ ሰሙን እየቧጨረ ነበር፤ በቲዩብ የሚጎላ የኤሌክትሪክ ቅጂ ለገበያ የዋለው በ1925 ነው። በዚህ ስሌት ተሰማ እሸቴን በቲዩብ መስማት ታሪክን ማዛባት ሊሆን ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ትራንዚስተር በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው በ1947 ማብቂያ ስለሆነ ያኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ደግሞስ ቅጂው በእርግጥ በቲዩብ አልፎ ቢሆን? እንግዲያው የቲዩቡ ቀለም ቴፑ ላይ አርፏል፤ ከሸክላው ጋር ወደ እኛ መጥቷል። ስናጫውተው ሌላ መጨመር መድገም ነው እንጂ ታማኝነት አይደለም።

ትልቁ ጉዳት የደረሰው ሌላ ቦታ ነው። ከአምሃና ከካይፋ ሪከርድስ ሸክላዎች በኋላ ዘመኑ የካሴት ሆነ። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድኖች፣ የጎንደሩ ፋሲለደስም አብሮ፣ ወደ ሕዝቡ ቤት የገቡት በካሴት ነው፤ ካሴቱም ከካሴት ይገለበጥ ነበር። በካሴት ላይ በደካማውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ የሲዲው 96 ነው። ማጫወቻው በ6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ በሙሉ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ፍጥነቱን ያለቀ ጎማ ያዛባዋል፤ ድምፁን ደግሞ የቆሸሸ የካሴት ራስ ያደበዝዘዋል። ያ ካሴት ደግሞ ተጠቅጥቆ በ128 ኪሎቢት በሰከንድ በኢንተርኔት ላይ ሲጫን የቀረው የመረጃ መጠን ከሲዲው 1,411 ኪሎቢት አሥራ አንድ ጊዜ ያንሳል። ጥሩ አጨማመቅ ጆሮ የማይጠይቀውን አስቀድሞ ስለሚጥል ኪሳራው በዚያው ልክ አይሰማም፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ጸናጽሉና «ሰ» የሚሉት ፊደሎች መጀመሪያ ይበላሻሉ። በሃምሳ ሺህ ብር ቲዩብ አማርጦ ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ፋይል ማጫወት ገንዘብን ማባከን ነው። በንጽሕና ከሸክላ ወይም ከዋናው ቴፕ የተወሰደ ቅጂ፣ ለምሳሌ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ስም ያሰባሰባቸው፣ ከማንኛውም የቲዩብ ለውጥ የላቀ ልዩነት ያመጣል። ይህን ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ አያሻም።

አሁን ወደ ፒያሳው ሶኬት እንምጣ፤ የምዕራፉ ሸክም ያለው እዚህ ላይ ነው። የአብዛኛው ትንሽ ቲዩብ ማሞቂያ የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው፤ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከዚህ እስከ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ይፈቅዳሉ፣ ለረጅም ዕድሜ ደግሞ 5 በመቶ ይመክራሉ። ማሞቂያው በቀጥታ ከትራንስፎርመር የሚመገብ ከሆነ የሶኬቱ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ እሱም አብሮ ይዋዥቃል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ሶኬቱ ወደ 190 ቢወርድ ማሞቂያው 5.4 ቮልት ላይ ያርፋል፤ ከተፈቀደው በታች ነው። ካቶዱ በቂ ኤሌክትሮን አያወጣም፣ መዛባቱ ይጨምራል፣ ድምፁ ይለሰልሳል። ሌሊት ደግሞ ጭነቱ ሲቀል ወደ 245 ቢወጣ ማሞቂያው 7 ቮልት ይደርሳል፤ ቲዩቡ ዕድሜውን እየበላ ይሠራል ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ የተሰማን ሙላርድ እሑድ ጠዋት ከተሰማ ቴሌፉንከን ጋር የሚያወዳድር ሰው ሁለት ቲዩብ ሳይሆን ሁለት መብራት እያወዳደረ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ዳኮች ለማሞቂያው የራሱ ቮልቴጅ ማረጋጊያ ያበጁለታል፤ ማረጋጊያውም ቢሆን መግቢያው ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ አቅም ያጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቴስተር ይዞ የሶኬቱን ቮልቴጅ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ለአንድ ሳምንት መዝግቦ መያዝ ይገባል። የዳኩን ክዳን ከፍቶ መለካት ግን ለባለሙያ ይተው፤ የቲዩቡ አኖድ ከ100 እስከ 250 ቮልት ይዞ ይሠራል፣ ኮንደንሰሮቹም ኢስፒናው ከተነቀለ በኋላ ቮልቴጁን ይዘው ይቆያሉ እንጂ ወዲያው አይለቁም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚደርሰው ሌላ ነው። ቀዝቃዛ የማሞቂያ ሽቦ ከጋለው በጣም ያነሰ ሬዚስታንስ ስላለው መጀመሪያ ላይ ብዙ ከረንት ይስባል፤ አንዳንድ የሙላርድና የአምፐሬክስ ቲዩቦች ሲበሩ ለአፍታ ቦግ የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው። በራሱ ጉዳት የለውም። መብራቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሄደና ከመጣ ግን፣ በየመምጣቱም ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ከገባ፣ ሽቦው ይደክማል። ርካሽ መፍትሔ አለ፦ መብራት ሲሄድ ዳኩን ማጥፋት፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ። ስታቢላይዘር ሲገዛም መጠኑ ብቻ አይታይ፤ መብራት ሲመለስ የሚዘገይ ዓይነት መሆኑ ይጠየቅ። በውስጡ በሪሌ እየዘለለ የሚያስተካክለው ርካሹ ዓይነት በየዝላዩ ቋ የሚል ድምፅ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ፍሪጅና ምጣድም ዝላዩን ስለሚያበዙት ዳኩን፣ ፍሪጁንና ምጣዱን በአንድ ዲቫይደር ላይ መደርደር አያዋጣም። ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ የአሜሪካ ከተማ ዘመድ የላከው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈው ይነበብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ቮልቴጅ ማውረጃ ያስፈልገዋል፤ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመርም በእኛ 50 ሄርዝ ላይ የበለጠ ይግላል።

ጉርምርምታ ሲሰማ ቲዩቡን መክሰስ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው እሱ አይደለም። አሮጌ ቤት ውስጥ ያለ ሶኬት ምድር ሽቦ ላይኖረው ይችላል፤ የዲሽ ሪሲቨርና ኮምፒውተር ከዳኩ ጋር ሲያያዙ በመካከላቸው የሚዞር ከረንት 50 ሄርዙን ይዞ ይገባል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሁሉንም ነቅሎ ዳኩንና አምፕሊፋየሩን ብቻ ማስቀረት። ጉርምርምታው ከጠፋ ቲዩቡ ነጻ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 80 በመቶ ብቻ ነው። ቲዩብ ሙቀቱን ለአየር እያስረከበ የሚበርድ ዕቃ ስለሆነ ስስ አየር ያንሰዋል፤ ደባርቅ ላይ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ደግሞ ይብሳል። ለትንንሽ የዳክ ቲዩቦች ይህ አደጋ አይደለም፤ በጠባብ ቁም ሣጥን ሲዘጋ ወይም ዳንቴል ሲለብስ ግን ነው። ቴፕም ቴሌቪዥንም በዳንቴል መሸፈን ያማረ ልማድ ነው፤ የቲዩብ ዳክ ላይ ግን አይጣል። ብዙ ከቻይና የሚመጡ ዕቃዎች ላይ የተራራ ምልክትና «2000» የሚል ቁጥር ይታያል፤ ከዚያ ከፍታ በታች ለመጠቀም የተፈተነ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ኤሌክትሪክ በስስ አየር ውስጥ በቀላሉ ስለሚዘል ነው፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ ለ3,000 ሜትር በሽቦዎች መካከል ያለው ርቀት በ1.14 እንዲባዛ ይጠይቃል። ጎንደር ከመስመሩ ጥቂት ብቻ ስለምታልፍ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ደባርቅ ያለ ሰው ግን ምልክቱን አይቶ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። 

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልም። ጠጣር ግድግዳና የንጣፍ ወለል ባለው ክፍል መሃል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ በቂ ነው፤ ጭብጨባው ከተንጫረረ ማንኛውም ቲዩብ ከሚያመጣው ለውጥ በላይ ክፍሉ ድምፁን እየለወጠው ነው። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ሄርዝ ገደማ ያለውን ወፍራም ድምፅ ያስተጋባል፤ ጥጎቹ ላይ ያብጣል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ፣ ስፒከሩን ከግድግዳ ማራቅ። ዋጋቸው ከአንድ ጥንድ አሮጌ ቲዩብ ያንሳል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ቲዩብ ማማረጥ ፍሬ ያፈራል። መጀመሪያ ዓይነቱ ይለይ። በዳክ ውስጥ የሚገኙት ብዙዎቹ ዘጠኝ እግር ያላቸው ትንንሾች ናቸው። 12ኤኤክስ7 መቶ እጥፍ ያጎላል፣ 12ኤቲ7 ስልሳ፣ 12ኤዩ7 ወደ ሃያ፣ 6ዲጄ8 እና ጠንካራው ወንድሙ 6922 ደግሞ ሠላሳ ሦስት። እግሩ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ለ12ኤዩ7 የተዘጋጀ መሰኪያ ማሞቂያውን በ12.6 ቮልት የሚመግብ ከሆነ 6ዲጄ8 ሲሰካበት እጥፍ ይደርሰውና ይቃጠላል። የሩሲያው 6ኤን1ፒ ደግሞ የ6ዲጄ8ን መሰኪያ በእግር ይመስላል፤ ማሞቂያው ግን 365 ሳይሆን 600 ሚሊአምፔር ይስባል፣ የዳኩ ትራንስፎርመር ለዚያ ካልታሰበ ይግላል። አምራቹ በመመሪያው ላይ ያልጻፈውን ዓይነት አለመሰካት ነው የሚያዋጣው።

ከዚያ የፋብሪካው ስም ይመጣል። «የድሮው ይሻላል» የሚሉት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሙላርድ በእንግሊዝ ብላክበርን፣ ፊሊፕስ በኔዘርላንድስ ሄርለን፣ ቴሌፉንከንና ሲመንስ በጀርመን ቲዩብ ሲሠሩ ለመለኪያ መሣሪያና ለስልክ ጣቢያም ነበር፤ ዝቅተኛ ጫጫታና ረጅም ዕድሜ የእነዚያ ደንበኞች ቅድመ ሁኔታ ነበር። ዛሬ የቀሩት ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ የስሎቫኪያው ጄጄ በቻድጻ፣ በሩሲያ ሳራቶቭ ያለው፣ የቻይናዎቹ። ገዢያቸው በአብዛኛው ጊታሪስት ነው፤ የሚጠይቃቸው ነገርም ሌላ ነው። የድሮው ጥቅም ግን በድግምት አይደለም። ብርጭቆውን በእርሳስ ቀስ ብሎ መታ ሲያደርጉት በስፒከሩ ውስጥ ደወል ይሰማል? ሁለቱ የውስጥ ክፍሎቹ እኩል ያጎላሉ፣ ወይስ ግራው ከቀኙ ይልቃል? ሙዚቃ ሳይኖር የ«ሽሽ» ድምፅ ያሰማል? እነዚህ ሦስቱ ቲዩብን ከቲዩብ የሚለዩ ተጨባጭ ነገሮች ናቸው፤ ዛሬ የተሠራ ቲዩብም ተመርጦ ሲሸጥ ሊያልፋቸው ይችላል። ስሙ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በብርጭቆው ላይ ያለ ጽሑፍ ታጥቦ ሌላ ሊታተምበት ስለሚችል ገበያው በሐሰተኛ ስም ተሞልቷል። ቴሌፉንከን በብርጭቆው ሥር ላይ በራሱ ብርጭቆ የቀረጸው የአልማዝ ምልክት ከቀለም ጽሑፍ ይታመናል፤ እሱም ቢሆን ቲዩቡ ያልደከመ መሆኑን አይናገርም።

ማነጻጸሩ ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል፤ ብዙው ክርክር የሚበላሸውም እዚህ ነው። የሰው ጆሮ በጥቂቱ ጮክ ያለውን «ጥራቱ የተሻለ» አድርጎ ይሰማል። 5 በመቶ የቮልቴጅ ልዩነት 0.4 ዴሲቤል ነው፤ ጮክ ብሏል ለማለት አይበቃም፣ «ሕይወት አለው» ለማስባል ግን ይበቃል። ቲዩብ ሲቀየር ማጉላቱ ስለሚቀየር ሳይለኩ ማወዳደር ከንቱ ነው። አንድ 400 ሄርዝ ድምፅ የያዘ ፋይል አጫውቶ የዳኩን መውጫ በቴስተሩ የተለዋዋጭ ቮልቴጅ መለኪያ ማየት፣ ሁለቱን ቲዩቦች በቮሊዩም እኩል ማድረግ ነው። ርካሽ ቴስተር ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚሳሳት 400 ተመራጭ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ቲዩብ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ፤ ሌላ ሰው ይቀይር፤ አድማጩ የቱ እንደሆነ አይወቅ። በአሥር ሙከራ ስምንቱን ያገኘ ሰው ደስ ሊለው ይችላል፤ ዝም ብሎ የሚገምትም ሰው ከሃያ ጊዜ አንዴ ገደማ እዚያ ይደርሳል። ዘጠኝና ከዚያ በላይ በግምት የሚገኘው ከ1,024 አንዱ አይደለም፣ አሥራ አንዱ ነው፤ ከመቶ አንድ ገደማ። ስለዚህ ዘጠኝ እንጠይቅ።

«ሙዚቃ በፈተና አይሰማም፤ ልዩነቱ የሚገባው ወር ሁለት ወር ከቲዩቡ ጋር ሲኖሩ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ድካም፣ ምቾት፣ ሌሊቱን ሙሉ የማዳመጥ ፍላጎት በአሥር ደቂቃ አይታወቁም። ነገር ግን ወሩን ሙሉ አብሮ የሚኖረው ነገር ሁሉ ይለዋወጣል፦ መብራቱ፣ የአድማጩ ስሜት፣ ቲዩቡ የተገዛበት ዋጋ ትዝታ። ወር አዳምጦ «ወደድኩት» ማለት መብት ነው፤ «ይህ ቲዩብ ከዚያኛው ይበልጣል» ብሎ ለሌላ ሰው መምከር ግን ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። ሁለቱ ይለያዩ እንጂ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ጎንደር ላይ የቲዩብ ዳክ የሚገዛ ሰው ማሞቂያው የተረጋጋ፣ 12ኤዩ7 ወይም 6922 የሚቀበል፣ ቲዩቡን በቁልፍ ማለፍ የሚያስችል ይምረጥ፤ በዚያ ቁልፍ ብቻ ቀለሙን ከነሙሉ ድርሻው ለራሱ ይሰማል። የሚቀጥለውን ገንዘብ በስታቢላይዘር፣ በቅጂና በክፍሉ ላይ ያውል። መጠባበቂያ እንዲሆነው ዛሬ የሚመረት፣ የተመረጠ አንድ ጥንድ ቲዩብ ይበቃዋል። አሮጌ ቲዩብ ማሳደዱ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ካማረው።

ቤቱ ውስጥ የአዝማሪ፣ የኪነት ወይም የማኅሌት ካሴት ያለው ሰው ግን ከሁሉም በፊት ይገልብጠው። የማጫወቻውን ራስ አጽድቶ፣ ፍጥነቱን አስተካክሎ፣ ሳያጨማምቅ በ24 ቢት ይቅዳው፤ ሲገለብጥም ቲዩብ መሃል አያስገባ። ቀለሙን ሲያዳምጥ በፈለገ ጊዜ ይጨምረዋል፤ ፋይሉ ላይ አንዴ ከገባ ግን የሚያወጣው የለም።